መተማ፦ «እኛ በየትኛው ወገን ነበርን?»



በምዕራብ ጎንደር ቆላ በአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር በነበረበት ዘመን የሆነ ነው። ወሩ መጋቢት፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ፣ ሙቀቱ ደግሞ የመተማ ሙቀት። ስለ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሞት አስተምሬ ደወሉ ሲደወል አንዲት ሒጃብ የለበሰች ተማሪ ከክፍሉ ሳትወጣ ቀረች። በእረፍት ሰዓት አንድ ልጅ «ንጉሡን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ» ብሏት ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቲቸር፣ እኛ በየትኛው ወገን ነበርን?» አለችኝ።

የሰጠኋት መልስ ዛሬም ያሳፍረኛል። «ያለፈ ነገር ነው፣ አታስቢው፣ ትምህርትሽ ላይ አተኩሪ» ብዬ ሸኘኋት። ጥያቄዋ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ መልስም ነበረው። መልሱን የማላውቀው እኔ ነበርኩ። የመማሪያ መጽሐፉ «ድርቡሾች ንጉሡን ገደሉ» ብሎ ያልፋል፤ በእኛ መድረኮች ደግሞ «ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም በግድ ያጠመቀ ነው፣ አላህ በቀለለት» ብለው የሚያልፉ አሉ። ሁለቱም አረፍተ ነገሮች አጫጭር ናቸው። ሁለቱም «ነገር ግን» የምትለዋን ቃል ትተዋታል።

ዛሬ ይህን ለማንሳት ያስገደደኝ የሱዳን ጦርነት ነው። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ መተማ ዳግም የዓለም ዜና ሆናለች። በማኅበራዊ ሚዲያው የድሮው ጦርነት እየተመዘዘ ለዛሬው ጥላቻ ማገዶ ሲሆን እያየን ነው። ስለዚህ ያቺ ተማሪ የነበረባትን ዕዳ ሳይሆን እኔ ያለብኝን ዕዳ ልክፈል። (ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ በፈረንጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

መጀመሪያ፦ የትኛዋ መተማ?

በዓረብኛ መጽሐፍትም ሆነ በኢንተርኔት ላይ ሲያነቡ የሚያጋጥም ስህተት አለ። ሁለት መተማዎች አሉ። አንደኛዋ በሱዳን ውስጥ በአባይ ዳር ከሸንዲ ከተማ ፊት ለፊት ያለችው አል-መተማ ናት። በካርቱም የተከበበውን ጀኔራል ጎርደንን ለማዳን የዘመተው የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1885 መጀመሪያ የደረሰው እዚያ ነው። የኸሊፋ ዐብዱላሂ ጦር እ.ኤ.አ. በ1897 የጀዕሊይን ጎሳ ሙስሊሞችን የፈጀውም እዚያው ነው። ሁለተኛዋ የእኛዋ ናት፤ ዛሬ መተማ ዮሐንስ የምትባለው፣ በትንሽ ድልድይ ከሱዳኗ ገላባት የምትገናኘው።

የሁለቱን ታሪክ ቀላቅለው የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ናቸው። የጀዕሊይን እልቂት ግን በስም ለመለየት ብቻ የሚጠቀስ አይደለም። የማህዲያ መንግሥት ሰይፍ የወደቀው በክርስቲያን ሐበሻ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። የማህዲውን ጥሪ ያልተቀበለ ሙስሊም በእነርሱ ዘንድ ከሃዲ ነበር። የአዝሀር ዑለሞችና በካርቱም የነበሩ ዑለሞች የማህዲነት ጥያቄውን ውድቅ አድርገው ጽፈዋል። ስለዚህ «ድርቡሽ» እና «ሙስሊም» አንድ ቃል አይደሉም። ይህን ከያዝን የቀረው ይቀላል።

የመተማ ባለቤት ማን ነበር?

ከጦርነቱ በፊት በመተማ የነበሩት ሰዎች ተክሩሮች ይባላሉ። ከዳርፉርና ከዚያም ርቆ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ የወጡ፣ በመንገድ ላይ ገላባት ሲደርሱ መሬቱ ለምቶ ገበያው ሞቆ ስላገኙት የቀሩ ሙስሊሞች ናቸው። የራሳቸው ሸይኽ ነበራቸው። ከደጋው ቡና፣ ማርና ሰም ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል ጨርቃ ጨርቅና ሌላው ሸቀጥ ይመጣል። የጎንደር ነጋዴዎች፣ በተለይም ጀበርቲ ወንድሞቻችን፣ ይህን መንገድ እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁት ነበር።

ተክሩሮቹ ለኢትዮጵያም ለግብጽም ግብር ይከፍሉ ነበር። ለሁለት ጌታ መገበር ዛሬ ክህደት ይመስል ይሆናል፤ በድንበር ላይ ለሚኖር ሕዝብ ግን ሰላም የሚገዛበት ዋጋ ነበር።

እዚህ ላይ የራሳችንን «ነገር ግን» መዝለል የለብንም። በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። መተማ ከቀጠናው ትላልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ ከነጋዴዎቹም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ሌላው የበደለንን ስንቆጥር የእኛዎቹ የበደሉትን ካልቆጠርን የምንጽፈው ታሪክ ሳይሆን የክስ መዝገብ ይሆናል።

ክርስቲያኑ ንጉሥ ያዳነው የሙስሊም ጦር

ማህዲው ሱዳንን እያሸነፈ ሲሄድ በምሥራቅ ያሉ የግብጽ ጦር ሰፈሮች ተከበቡ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 1884 አፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብጽ ጋር በአድዋ ውል ፈረሙ፤ የሂዌት ውል የሚባለው ነው። በውሉ መሠረት የግብጽ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል አልፈው ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ንጉሡ ሊረዱ፣ በምትኩ የቦጎስ አገር ሊመለስላቸውና በምጽዋ በኩል ሸቀጥ ያለ ቀረጥ ሊገባላቸው ሆነ። ከተከበቡት አንዱ የገላባት ጦር ነበር። በ1877 የኢትዮጵያ ጦር ወርዶ ከበባውን ሰበረ፤ ግብጻውያኑንም ይዞ ወጣ።

ልብ በሉ። በቦሩ ሜዳ የወሎን ሙስሊሞች ሃይማኖታችሁን ቀይሩ ያለው ንጉሥ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የሙስሊም ወታደሮችን ከሙስሊም ከበባ አወጣ። ይህን ያደረገው ለሙስሊሞች አዝኖ አይደለም፤ ቦጎስንና ምጽዋን ፈልጎ ነው። ቢሆንም ሆኗል።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሰው ሸይኽ ሷሊሕ ሸንቃ ነው። የተክሩሮቹ መሪ ነበር። የማህዲውን ጥሪ አልተቀበለም። ገላባት በድርቡሾች እጅ ስትገባ ወደ ኢትዮጵያ ተጠግቶ ከነተከታዮቹ ድርቡሾችን ተዋጋ። ኸሊፋ ዐብዱላሂ በኋላ ከአፄ ዮሐንስ ጋር በተጣሉበት ጉዳይ ውስጥ አንዱ ይህ ነው፦ ከእኛ የሸሹትን አስጠግተሃል የሚል። እንግዲህ «በየትኛው ወገን ነበርን?» ለሚለው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ የመተማ ሙስሊሞች መሪ ከንጉሡ ወገን ነበር።

ነገር ግን የእንግሊዝ ውል ብዙ አልቆየም። ከፊርማው ስምንት ወር እንዳለፈ፣ የካቲት 5 ቀን 1885 እ.ኤ.አ.፣ ጣልያን በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዘች። ለአፄ ዮሐንስ የቀረላቸው የድርቡሽ ጠላትነት ብቻ ነበር።

«ሐበሾች እስካልነኳችሁ…»

የሸሪዓ ትምህርት የቀሰምን ሰዎች በደንብ የምናውቀው፣ በአቡ ዳውድ ሱነን የተዘገበ ሐዲስ አለ። መልዕክቱ ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው የሚል ነው። ዑለሞች በደረጃውና በአፈጻጸሙ ላይ ተነጋግረዋል። በታሪክ ውስጥ ግን ከነጃሺ ውለታ ጋር ተያይዞ ሐበሻ ከጂሃድ ዘመቻ የተለየ ቦታ እንዲኖረው ያደረገ ሐዲስ ነው።

ማህዲው ራሱ ለአፄ ዮሐንስ በላከው ደብዳቤ ነጃሺን አንስቶ፣ እንደ እርሱ ጥሪዬን ተቀበል ብሎ ጋብዟል። ማህዲው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1885 ሲሞት ነገሩ ተለወጠ። በጥር 1879 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገላባት ላይ ወርደው የድርቡሹን አሚር ሙሐመድ ወድ አርባብን ገድለው፣ ከተማዋን ዘርፈው ተመለሱ። ኸሊፋ ዐብዱላሂ ለንጉሡ ሲጽፍ ያንኑ ሐዲስ ገልብጦ ተጠቀመበት፤ እኛ በሐዲሱ ታቅበን ነበር፣ እናንተ ነካችሁን፣ እንግዲህ ቃሉ አይይዘንም የሚል ክርክር ነው።

አንድ ሐዲስ ለሰላምም ለጦርነትም ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ማየት ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ሐዲሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የፖለቲካው ፍላጎት ነው። ዛሬም በቴሌግራም ቻናል አንድ ማስረጃ ተቆርጦ ሲመጣልን ከመጋራታችን በፊት «ይህ ለምን አሁን ተነሳ?» ብለን ብንጠይቅ ብዙ ፊትና ይቀራል።

ለዚህ መልስ ሆኖ የመጣው ሐምዳን አቡ ዐንጃ ነው። በጥር 1880 በደንቢያ ሳር ውሃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፎ ጎንደር ገባ። ከተማዋን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ብዙ ሴቶችና ሕጻናት ተማርከው ወረዱ። ይህን በሙስሊም አንደበት በግልጽ መናገር አለብን። መነኩሴን በገዳሙ መንካት፣ ሴትና ሕጻንን መግደል በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እና በኹለፋኡ ራሺዲን የጦር ሥርዓት የተከለከለ ነው። ያደረገው ሰው ሙስሊም ስለሆነ ድርጊቱ ሐላል አይሆንም።

እዚህ ላይም «ነገር ግን» አለ። ጎንደር በእሳት ስትጋይ ያ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ከ21 ዓመት በፊት፣ በ1859፣ ጎንደርን የዘረፏትና አብያተ ክርስቲያናቷን ያቃጠሉት ክርስቲያኑ ንጉሥ አፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ይህን የምለው የአቡ ዐንጃን ጥፋት ለማቅለል አይደለም። ከተማ የሚያቃጥለው ሃይማኖት ሳይሆን የሰራዊት ስግብግብነትና የገዢ ቁጣ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ያልተቀበሉት ደብዳቤ

በታኅሣሥ 1881 አፄ ዮሐንስ ለአቡ ዐንጃ የሰላም ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ከማህዲያው መንግሥት መዝገብ የተረፈ ነው። ፍሬ ነገሩ፦ እኛ ስንዋጋ የሚያልቀው ድሃው ነው፤ ትርፍም የለውም፤ ፈረንጆች ግን የእናንተም የእኛም ጠላቶች ናቸው፤ እኛን ቢያሸንፉ እናንተን አይተዉም፤ ስለዚህ ብንስማማና በእነርሱ ላይ ብንተባበር ይሻላል የሚል ነው። አቡ ዐንጃ በስድብ መለሰ። ካልሰለምክ ሰላም የለም አለ።

ያን መልስ የሰጠው ሰው በወሩ በገላባት በሕመም ሞተ። ንጉሡ ግን ተነስተው ነበር።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሙስሊም ሁለት ስሜት ይፈራረቁበታል። አንደኛው፣ ንጉሡ ስለ ፈረንጆቹ የተናገሩት ትክክል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ ይህ ሰው በ1870 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎን ሙስሊሞች ያስጨነቀ ሰው ነው። የወሎው ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ራስ ሚካኤል ሆነ። እንደ ሸይኽ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉት አሻፈረኝ ብለው ተነሱ። ብዙ ሰው ሃይማኖቱን ይዞ ተሰደደ፤ ከተሰዳጆቹ የተወሰኑት ወደ ሱዳን ወርደው ከድርቡሾቹ ጋር ተቀላቀሉ። ለተማሪዬ ጥያቄ ሁለተኛው መልስ ይህ ነው፤ በዚያኛውም ወገን የእኛ ሰዎች ነበሩ። የወረዱት ኢትዮጵያን ጠልተው አይደለም፤ በአገራቸው ላይ እምነታቸው ስለተነጠቀ ነው።

ይህ ለዛሬ ገዢዎችም ትምህርት አለው። በራስህ ዜጋ ላይ በሩን ስትዘጋ ድንበር ማዶ ያለውን ጠላት ታጠናክራለህ። አፄ ዮሐንስ የሙስሊም ሰፈሮችን ከሱዳን ከበባ ሲያወጡ የራሳቸውን ሙስሊሞች ወደ ሱዳን እየገፉ ነበር።

መጋቢት 1 ቀን 1881

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። በሒጅራ አቆጣጠር ወሩ ረጀብ 1306 ነው፤ ረጀብ ከአራቱ የተከበሩ ወራት አንዱ ነው። በክርስቲያኑ በኩል ደግሞ ዐቢይ ጾም ነበር። ሁለቱም ወገን በሃይማኖቱ ስም ወጥቷል፤ ሁለቱም የወጣው ሃይማኖቱ ከጠብ ራቅ በሚልበት ወቅት ነበር።

የውጊያው ውሎ ራሱ ያልተጠበቀ ነገር የሞላበት ነው። የኢትዮጵያ ጦር የድርቡሾቹን አጥር ሰብሮ ገብቶ፣ ከተማዋን ማቃጠል ጀምሮ ነበር። ድሉ በእጁ ነበር ማለት ይቻላል። ንጉሡ በጥይት ቆሰሉ፤ ወሬው ተሰማ፤ አሸናፊው ጦር ወደ ኋላ ተመለሰ። ንጉሡ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ከጥቂት ቀን በኋላ የዛኪ ጠማል ጦር በአትባራ ወንዝ አጠገብ የንጉሡን አስከሬን አጅበው የሚሄዱትን ደርሶባቸው አስከሬኑን ማረከ። ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኡምዱርማን ተላከ።

በእስልምና የጠላትን ሬሳ መቆራረጥ (ሙስላ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል። አጎታቸው ሐምዛ በኡሑድ የደረሰባቸውን አይተው እንኳ አልፈቀዱም። ስለዚህ በኡምዱርማን ለትዕይንት የቀረበው ራስ የእስልምና ድል ተደርጎ ሊነገረን አይገባም፤ የሚያኮራንም አይደለም።

ማን አተረፈ? ጦርነቱ ካለፈ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ የውጫሌ ውል ተፈረመ። ጣልያን ወደ ደጋው ወጣች፤ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ አድርጋ አወጀች። በዚያው ዓመታት ኢትዮጵያ በክፉ ቀን ረሃብ አለቀች። በሱዳንም ረሃቡ ስም አለው፤ ዓመቱ 1306 ነበርና «ሰነት ሲታ»፣ የስድስት ዓመት፣ ይሉታል። በመተማ ያሸነፈውም የተሸነፈውም በአንድ ረሃብ ተቀጣ። ከኢትዮጵያ ጋር የተዋጋው የድርቡሽ ጦርም ከፍተኛ ኪሳራ ደርሶበት ነበር። በነሐሴ 1890 በከረሪ ሜዳ የእንግሊዝ መትረየስ የኸሊፋውን ሰራዊት በአንድ ጠዋት ፈጀው። ከዚያ በፊት፣ ከአድዋ ድል በኋላ፣ አፄ ምኒልክና ኸሊፋው መልዕክተኛ ተላልከው መቀራረብ ጀምረው ነበር። አፄ ዮሐንስ በደብዳቤያቸው የጠየቁት ነገር ዘግይቶ መጣ፤ ዘግይቶም ዋጋ አልነበረውም።

በግንቦት 1894 እንግሊዝና ኢትዮጵያ የድንበር ውል ተፈራረሙ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዛዊው ግዊን መስመሩን ምልክት አደረገበት። ገላባት ለሱዳን፣ መተማ ለኢትዮጵያ ሆነች። አንድ ገበያ የነበረው ለሁለት ተከፈለ።

ሌላ ጦርነት፣ ሌላ «ነገር ግን»

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ጣልያኖች እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1940 ገላባትን ያዙ። በኅዳር 6 ቀን እ.ኤ.አ. ብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው አሥረኛው የሕንድ ብርጌድ ገላባትን ለማስለቀቅ አጠቃ። ምሽጉን ያዘ፤ ነገር ግን ታንኮቹ አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋያማው መሬት ተሰናከሉ፤ የጣልያን አውሮፕላኖች ደበደቡት፤ አንድ የእንግሊዝ ሻለቃ ተደናግጦ ሸሸ፤ ስሊም ወደ ኋላ ተመለሰ። ይኸው ሰው በኋላ በበርማ ጃፓንን አሸንፎ ፊልድ ማርሻል ሆነ። በጦር ሜዳ አዛዥነት ከቀመሳቸው ቀዳሚ ትምህርቶች አንዱ የእኛ የመተማ ሽንፈት ነበር።

ለእኛ የሚገርመው ሌላ ነው። ከብርጌዱ ሻለቆች አንዱ የባሉች ክፍለ ጦር ነበር፤ ወታደሮቹ ብዙዎቹ ዛሬ ፓኪስታን ከምትባለው ምድር የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። በጣልያን በኩልም የቅኝ ግዛት ሻለቆች ነበሩ፤ በእነዚያም ውስጥ ሙስሊሞች አሉ። በመተማ ምድር ሙስሊም ለክርስቲያን ኢትዮጵያ ነጻነት ተዋግቶ ሞቷል፤ ሙስሊምም ለፋሺስት ተዋግቶ ሞቷል። ማንነታቸው አንድ፣ ያቆሟቸው ጌቶች ሁለት ነበሩ። በጥር 1933 ጣልያን መተማን ለቀቀች፤ በዚያው ወር አፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ገቡ።

የዛሬዋ መተማ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ዕለቱ ረመዳን 24 ነበር። የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ናቸው፤ ሌይለቱል ቀድር የሚፈለግባቸው። ሁለቱ ተዋጊ ጄኔራሎች ሙስሊሞች፣ የሚዋጉት ወታደሮች ሙስሊሞች፣ የሚፈናቀለው ሕዝብ ሙስሊም። የ1881ቱን ጦርነት «ሙስሊምና ክርስቲያን» ብሎ ለሚፈታ ሰው ይህኛውን መፍታት ይቸግረዋል። ሥልጣን፣ ወርቅና መሬት ብሎ ለሚፈታ ግን ሁለቱም ይፈቱለታል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዚያች ትንሽ ድልድይ ከ60 በላይ አገራት ዜጎች ተሻገሩ። በሱዳን ሲሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ ሱዳናውያን ቤተሰቦች፣ ኤርትራውያን፣ ቱርኮች፣ ሌሎችም። የመተማ ሰው ውሃና ዳቦ ይዞ ወጣ። ብዙዎቻችን «የነጃሺ አገር» ብለን ጻፍን፤ እኔም ጽፌያለሁ።

ነገር ግን። በኩመርና በአውላላ የስደተኞች ጣቢያዎች የተጠለሉት ሱዳናውያን ዝርፊያ፣ እገታና ግድያ ደረሰባቸው። ኮሌራም ገባባቸው። በ2016 ሚያዝያ መጨረሻ በርካታ ስደተኞች ደኅንነታችን አልተጠበቀም ብለው ጣቢያውን ጥለው በእግር ወጡ፤ በመንገድ ሲከለከሉም በአውላላ አቅራቢያ በጫካ ውስጥ ተቀመጡ። ሕጻናት፣ አዛውንት፣ እርጉዞች በዝናብ ውስጥ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆሞ የተናገረውን በየመድረኩ የምናወሳ ሰዎች፣ በእኛው ዘመን ወደ እኛው አገር የመጣው ሙሃጂር በጫካ ሲያድር ድምጻችን ዝቅ ብሎ ነበር። ነጃሺን ነጃሺ ያደረገው ስደተኛ መቀበሉ ብቻ አይደለም። በእርሱ ዘንድ ማንም እንዳይበድላቸው ማድረጉ ነው።

ለዚህ «ነገር ግን»ም ራሱ «ነገር ግን» አለው። አስተናጋጁ ሕዝብ ራሱ ሰላም አልነበረውም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ በመንግሥትና በፋኖ መካከልም ውጊያ ሲካሄድ ቆይቷል። ከዚያ በፊት በቅማንትና በአማራ ስም በገንዳ ውሃ ዙሪያ ደም ፈስሷል። የሰሊጥና የጥጥ ገበሬው፣ ከደጋ ወርዶ በቀን ሥራ የሚያጭደው ሳሉግ፣ ሹፌሩ፣ ነጋዴው ሁሉም ታግቷል፣ ተዘርፏል። ስደተኛውን የዘረፈው ሽፍታ የመተማን ገበሬም የዘረፈ ነው። ስለዚህ «የመተማ ሕዝብ ስደተኛ ያሰቃያል» የሚለው ዜና እውነት አይደለም፤ «ስደተኞቹ በሰላም ተቀምጠዋል» የሚለውም አይደለም።

በአል-ፈሽቃ ጉዳይም እንዲሁ ነው። በ2013 መግቢያ የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የሱዳን ጦር ወደ መሬቱ ገባ፤ ለዓመታት ሲያርሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። በእኛ ዘንድ ወረራ ነው። በሱዳኖቹ ዘንድ የ1902ቱ (እ.ኤ.አ.) ውል ለእነርሱ የሰጠውን መሬት ማስመለስ ነው። ሁለቱም መንግሥታት በ2000 ገደማ መሬቱን ገበሬዎች በጋራ እንዲጠቀሙበት ያደረጉት ስምምነት ግን በሁለቱም ወገን ዜና ውስጥ ብዙም አይነሳም። ያ ስምምነት የተክሩሮቹን የድሮ ዘዴ ይመስላል፤ መስመሩ የማንም ቢሆን ማሽላው ይዘራ የሚል።

ለተማሪዬ

አሁን ያቺ ልጅ አድጋለች፤ ምናልባትም የራሷ ልጆች አሏት። ዛሬ ብትጠይቀኝ እንዲህ እላታለሁ፦ «በሁለቱም ወገን ነበርን፣ ልጄ። ሸይኽ ሷሊሕ ሸንቃ ከንጉሡ ጋር ነበር። ከወሎ የተሰደዱት ከኸሊፋው ጋር ነበሩ። ጀበርቲው ነጋዴ ከሁለቱም ተደብቆ ነበር። ጎንደር ላይ ከተማረኩት ሴቶች ጋርም ነበርን፤ በረሃቡ ካለቁት ጋርም ነበርን። ያ ልጅ ደግሞ ንጉሡን የገደለ አያት የለሽም፤ የእርሱም አያት ወሎን ያጠመቀ ላይሆን ይችላል።»

አላህ በቁርኣኑ በሕዝቦች ላይ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን አዝዞናል። ይህ ትእዛዝ ለፍርድ ቤት ብቻ አይደለም። ታሪክ ስናስተምርም፣ ዜና ስናጋራም ይሠራል። በቅርቡ ስለ መተማ ወይም ስለ ሱዳን የሚያስቆጣ ዜና ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ። የትኛዋ መተማ ናት? በዚያ ዜና ውስጥ ያልተጠቀሰው ሰው ማን ነው? ይህ ቢታመን የሚያተርፈው ማን ነው? በ1881 ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ የጠየቀው አንድ ደብዳቤ ነበር፤ መልሱ ስድብ ሆነ፤ ያተረፈችው ጣልያን ነበረች።

መምህራን ወንድሞችና እህቶች፣ ተማሪ ከደወል በኋላ ሲቀር አትሸኙት።

ወሏሁ አዕለም።